በዓመት ስድስት የጤፍ ፍሬ

ግቢያችን የተሰነጠቀው በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ጠዋት በሩን ስንከፍት፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ እስከ ፓፓያው ድረስ መሬቱ ለሁለት ተከፍሎ አገኘነው። ወርዱ የእኔን ክንድ ያስገባል። ጥልቀቱን የሚያውቅ አልነበረም። ወንድሜ ሙሴ ጠጠር ጣለበትና ሁለታችንም ጆሯችንን አዘንብለን ጠበቅን። ጠጠሩ ግራና ቀኝ እየተላተመ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ሲያርፍ አልሰማንም።

«ሲኦል ገባ» አለ ሙሴ።

«አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰብስብ!» እማዬ በክንዴ እየጎተተች ወደ በረንዳው ወሰደችኝ። «ታቢታ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከፓፓያው ወዲያ አይሽና ወየውልሽ!»

እማዬ ሮማን ትባላለች። አባታችን ከሞተ ወዲህ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ እየበለተች ነው ያሳደገችን። ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፣ ረፋድ ላይ ትመለሳለች፤ የዓሣው ቅርፊት ክንዷ ላይ ደርቆ ፀሐይ ሲያገኘው ያብለጨልጫል። ሙሴ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁሉን ነገር ወደ ቀልድ የሚወስድ ልጅ ነው። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ መስከረም ሲጠባ አንደኛ ክፍል ልገባ ቀን እቆጥራለሁ።

ከዋናው ቤት ጎን ባለችው አንድ ክፍል ተከራይ ነበረን። ሸዋንግዛው ይባላል፤ እኔ ጋሽ ሸዋ እለው ነበር። የመሬት ቀያሽ ነው፤ ከአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቱ ልኮት ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ተሸክሞ ታቦር ተራራ ላይ ይወጣል፣ ድንጋይ ላይ የመዳብ ምስማር ይመታል፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ተሻግሮ ሌላ ምስማር ይመታል። በሁለቱ መሐል ያለውን ርቀት ሲለካ ይውላል። በዓመቱ ተመልሶ ያንኑ ይለካል። ሰፈሩ ሁሉ ሰውየው ዐዋቂ ይሁን ወፈፌ አልለየለትም ነበር።

የስንጥቁን ወሬ ሲሰማ ቁርሱን ጥሎ መጣ። ተንበረከከ፣ አፈሩን በጣቱ አሸት አሸት አደረገ፣ አሸተተው፣ ፊቱ በራ።

«ግሩም ነው» አለ።

«ወንድም ሸዋንግዛው፣ ቤቴ ሊሰምጥ ነው፤ አንተ ግሩም ነው ትለኛለህ?»

«እትዬ ሮማን፣ ወንድም ወንድም እያሉ ሳላስበው ጴንጤ ሊያደርጉኝ ነው እኮ። መንዝ ያለችው እናቴ ብትሰማ ፀጉሯን ትነጫለች።»

«ትስማ። አሁን የቤቴን ነገር ንገረኝ።»

«ቤትዎ ምንም አይሆንም። እኔ እጠብቀዋለሁ።»

ያን ዕለት ከሰዓት ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት የብረት ችካል ተከለ። በእያንዳንዱ ራስ ላይ በሞረድ ቀጭን ጭረት አወጣ። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከጭረት እስከ ጭረት ሜትሩን ይወጥርና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ በደብተሩ ይጽፋል። ሰማንያ ሦስት ሳንቲ ሜትር ከአራት። በሳምንቱ ደግሞ ሰማንያ ሦስት ከአራት። እኔ ከፓፓያው ወዲህ ቆሜ አያለሁ። ቁጥሩ ሲነበብ ፓፓያውን አጥብቄ እይዝ ነበር።

ቁጥሩን የምፈራበትን ምክንያት ለመናገር ስለ ወተቱ መናገር አለብኝ።

አንድ እሑድ በረንዳው ላይ ተቀምጠን እማዬ ለጋሽ ሸዋ ትኩስ ወተት በኩባያ ሰጠችው። ጠጣው ስትለው «ቆይ፣ ስልባቦት ይያዝ» አለ። ሲይዝለት ሙሴንና እኔን ጠራን።

«ምድር ማለት ይኼ ነው። ታቹ የጋለ፣ ላዩ ስስ። እኛ የምንኖረው ስልባቦቱ ላይ ነው።» እፍ አለበት። ስልባቦቱ መሐል ለመሐል ተቀደደና ሁለቱ ቁራጮች ቀስ ብለው ተራራቁ። «አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ እንዲህ ነው የተለያዩት። ዛሬም ዳርና ዳራቸውን ብታጋጥማቸው ለሁለት እንደ ተቆረሰ ዳቦ ይገጥማሉ።»

«እኛ የቱ ጋ ነን?» አልኩት።

በማንኪያው ጫፍ ቀዳዳውን አሳየኝ። «እዚህ። የሚቀደደው ቦታ ላይ። የእኛ ሐይቅ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አባያ፣ ሁሉም ቀዳዳው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ምሥራቁ ባሌንና ሐረርጌን ይዞ ወደዚያ ይሄዳል። ምዕራቡ ወደዚህ ይቀራል። መሐሉን ባሕር ይገባበታል።»

«በዓመት ምን ያህል ይሄዳል?» አለ ሙሴ።

«አምስት ስድስት የጤፍ ፍሬ ጎን ለጎን ብትደረድር፣ ያን ያህል።»

ሙሴ ከት ብሎ ሳቀ። «ለስድስት ጤፍ ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣኸው?»

«ሳቅ። ቶሎ የሚፈርሰውንማ ሁሉም ያየዋል። ቀስ ብሎ የሚሄደውን ነው ቁጭ ብሎ የሚለካ የጠፋው።»

ከዚያ ቀጥሎ የተናገረውን አልሰማሁም፤ እማዬ እንጨት አቀብዪኝ ብላ ጠራችኝ።

አሁን ልጄ ወንጌላዊት ዘጠነኛ ክፍል ናት። የጂኦግራፊ መጽሐፏ እንግሊዝኛ ስለሆነ እየተረጎመች ታነብልኛለች። ያልሰማሁት እዚያ ውስጥ አለ። ባሕሩ ለመግባት ሚሊዮን ዓመታት ይፈጅበታል ይላል። ሌላም ነገር ነገረችኝ፤ እንደኛ ግቢ ያለው ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ዝናብ ከሥር ያለውን ለስላሳ አፈር አጥቦ ሲወስደው የሚመጣ ነው። የምድሪቱ መራራቅ ራሱ በዓይን አይታይም። ጋሽ ሸዋ ይህን ሁሉ ሳያውቅ አይቀርም። ችካሉን የተከለው ምናልባት እኛን ለማረጋጋት፣ ምናልባትም መለካት ስለሚወድ ብቻ ነው።

እኔ ግን እንጨቱን ታቅፌ ወደ ማድ ቤት ስሄድ የያዝኩት ሌላ ነበር። ምሥራቁ ይሄዳል። መሐሉን ባሕር ይገባበታል። ቀዳዳው ደግሞ የእኛ ግቢ ውስጥ ነው።

ያን ጊዜ ምሥራቅ የሚለውን ቃል ጠዋት ማታ እንሰማ ነበር። ሬዲዮው ስለ ምሥራቅ ጦር ግንባር ይጮኻል። መኪናዎች ወጣቶችን ጭነው እየዘፈኑ ያልፋሉ። የጎረቤታችን የወይዘሮ ወርቅነሽ ልጅ ሄዶ ቀርቷል። እማዬ ሙሴ አምሽቶ ሲገባ ታፋዋን እየመታች «ምሥራቅ ነው የሚወስዱህ! ይዘው ምሥራቅ ነው የሚወስዱህ!» ትለው ነበር። ሙሴን ምሥራቅ ከወሰዱትና መሬቱ ከተቀደደ፣ እሱ በዚያ፣ እኛ በዚህ፣ መሐላችን ባሕር። ሙሴ ዋና አይችልም ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት፣ እማዬ ገበያ፣ ጋሽ ሸዋ ሥራ እያለ፣ ሙሴን ስንጥቁ ጋ ተንበርክኮ አገኘሁት። በማዳበሪያ ላስቲክ የተጠቀለለና በሲባጎ የታሰረ ነገር ይዟል። ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ ወደ ውስጥ ገፋው። ሲነሳ አየኝ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ሳቀ።

«ምን ሰጠኸው?» አልኩት።

«ጉርሻ።»

«ለማን?»

«ለመሬቱ ነዋ። ከራበው ይውጠናል። ለማንም እንዳትናገሪ፤ ሲወራበት ይቆጣል። ለእማዬም ቢሆን!»

«ለጋሽ ሸዋስ?»

«ለሱማ በጭራሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም አጎርሰው ገባሁ። ከዳቦዬ እቆርስለታለሁ። ሁለት ጊዜ ስኳር ሰጥቼዋለሁ። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ቁጥሩ ያው ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። እንዲቀንስ ፈለግሁ። ችካሉን ወዲህ ብገፋው መሬቱም አብሮ የሚመጣ መሰለኝ። አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዘነዘናውን ከሙቀጫው አነሳሁና የወዲያኛውን ችካል ከጀርባው ደጋግሜ መታሁት። ዘመም አለ። ዘነዘናውን መልሼ አስቀመጥኩ። ያን ዕለት እንቅልፍ የወሰደኝ ደስ ብሎኝ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሸዋ ሜትሩን ወጠረ። አነበበ። ደግሞ ወጠረ።

«ሰማንያ ሁለት ከስምንት።» ራሱን አከከ። «እንዴ፣ መሬት ይታረቃል እንዴ?»

አሁን በልጄ ማስመሪያ ሳየው ስድስት ሚሊ ሜትር ነው። ምድሪቱ ዓመት የምትሄደውን መንገድ በአንድ ከሰዓት በዘነዘና መልሼባታለሁ።

ሦስተኛ ጊዜ ለካ። ከዚያ ችካሉን በጣቱ ነቅነቅ አደረገው። ዙሪያውን ያለውን አፈር አየ፤ ጉልበት ያረፈበት፣ የዳቦ ፍርፋሪ የተበተነበት ነው። ቀና ብሎ ወደ ቤቱ አየ። እኔ ከፓፓያው ጀርባ ተሸጎጥኩ። ኪሱ ውስጥ ጢሙን የሚላጭባት ትንሽ መስታወት ነበረችው፤ አወጣትና የፀሐዩን ብርሃን ወደ ስንጥቁ መለሰው። ወገቡን አጎንብሶ ወደ ታች ሲያይ ቆየ። በጣም ቆየ። ሲነሳ ጉልበቱን አራገፈና መስታወቷን ወደ ኪሱ ከተተ፤ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

እማዬ ከገበያ ስትመለስ ማድ ቤት ገባና በሩን ገርበብ አደረገ። እኔ በረንዳው ላይ ሽንኩርት እልጥ ነበር።

«ያየሁትን አይቻለሁ፣ እትዬ ሮማን። አልጠይቅዎትም።»

«እኔ ምንም አላውቅም። በስሙ እምልልሃለሁ፣ አሁን ከአንተ መስማቴ ነው!»

«አምንዎታለሁ። ግን ቅዳሜ ይመጣል። ቀበሌ ያለ ሰው ነው የነገረኝ፤ ከዳር እስከ ዳር ነው። ልጁ ከዚያ በፊት ከዚህ ይራቅ። አንዴ ከገባ የሚያወጣው የለም።»

«የት ይሂድ? የት ላድርገው?»

«ወደ ደቡብ። ዲላ፣ ከዚያ ሞያሌ። የሚወስደው ሾፌር አለ፤ ዓርብ ይነሳል።»

«እሱስ? እዚያ ውስጥ ያለው?»

«እሱን እኔ ልሞክር።»

ቢላዋው በእጄ ላይ ቀረ። ስንጥቁ ቅዳሜ ሊከፈት ነው። ከዳር እስከ ዳር። ሙሴ ከገባበት የሚያወጣው የለም። ቀበሌው የመሬቱን ነገር አስቀድሞ ማወቁ አልደነቀኝም፤ ቀበሌ ሁሉን ያውቃል ሲባል ነው ያደግሁት።

እሑድ ከሰዓት ጋሽ ሸዋ ሽቦ እንደ መንጠቆ አጥፎ ስንጥቁ አፍ ላይ በሆዱ ተኛ። እማዬ ልብስ ታሰጣለች፤ የተሰጣውን አንስታ ደግሞ ታሰጣለች፣ ዓይኗ ከአጥሩ በላይ ነው። ሽቦው ከላስቲክ ጋር ሲንሿሿ ይሰማኛል። ድንገት «ኤጭ!» አለና ተነሳ።

«ምነው?» አለች እማዬ ሳትዞር።

«ወረደ። ባልነካው ይሻል ነበር። ረዘም ያለ ነገር ይዤ እመለሳለሁ።»

እማዬ የያዘችውን አንሶላ ፊቷ ላይ አድርጋ ቆመች። እኔ ጋሽ ሸዋ የመሬቱን ጥልቀት የለካ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜን አልጠበቁም። ረቡዕ ማለዳ፣ እማዬ ገና ነጠላዋን ሳትለብስ፣ በሩ ተመታ። አምስት ነበሩ። ሦስቱ ጠመንጃ ይዘዋል። ከፊት ያለው የቀበሌው ጓድ ደረሰ ነው፤ ከአብዮቱ በፊት መናኸሪያው አጠገብ ጫማ ይጠግን ነበር፣ የእኔን ሰንደልም ሰፍቶ ያውቃል። ሁላችንንም ግቢ አስወጥተው አሰለፉን፤ እማዬ፣ ሙሴ፣ ጋሽ ሸዋ፣ እኔ። ፍራሽ ተቀደደ። የጤፍ ከረጢት ተደፋ። የእማዬ መጽሐፍ ቅዱስ መሬት ላይ ተወረወረ። የጋሽ ሸዋ ካርታና ደብተር በረንዳው ላይ ተዘረጋ።

ጓድ ደረሰ ካርታው ላይ ጣቱን አሳረፈ። ከላይ ከአፋር ተነስቶ በእኛ ሐይቅ አልፎ ወደ ታች የሚወርድ ቀይ መስመር አለበት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መሬቱ የሚራራቅበት መስመር ነው።»

«አገሩን ለሁለት ከፍለኸዋል እኮ! ከመስመሩ ወዲያ ያለውን ለማን ልትሰጥ ነው? ለሶማሊያ?»

«ጓድ፣ ይኼ ሚሊዮን ዓመት የሚፈጅ ነገር ነው።»

«እኛ ለእያንዳንዷ ጋት ደም እናፈሳለን፣ አንተ ቁጭ ብለህ ሜትር ትዘረጋለህ!»

አንዱ ጠመንጃ ያዥ ከማድ ቤቱ ጀርባ ተጣራ። ሽቦውን አግኝቷል። ችካሎቹን አይቷል። ረጅም ቀርከሃ አምጥተው ጫፉ ላይ መንጠቆ አሰሩ፤ ሲያወርዱና ሲያወጡ ቆዩ። እኔ የማየው የዘመመውን ችካል ብቻ ነበር። ሁሉም ዙሪያውን ከበውታል። አንዱ በጫማው ነካ አደረገው። በእግሬ ላይ ትኩስ ነገር ወረደኝ።

ላስቲኩ ወጣ። ሲባጎውን በሳንጃ በጠሱት። ወረቀት ነው፤ ብዙ ወረቀት፣ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያለበት። ጓድ ደረሰ አንዱን አነበበ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አጣጠፈው። ሙሴን አየው። ሙሴ ወደ መሬት አየ። እማዬ እጄን ይዛለች፣ ጣቶቼ ነጭ ሆነዋል።

«የማን ነው?» አለ።

ወረቀቱን ኪሱ ከተተ።

ያን ጊዜ ወደ እኔ መጣና ቁጢጥ አለ። የጫማ ሙጫ ሳይሆን ሳሙና ይሸታል።

«ታቢታዬ፣ አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ ተማሪ ነሽ። ጎበዝ ተማሪ ደግሞ አይዋሽም። እዚያ ስንጥቅ ላይ ማነው የሚጎነበሰው? ማነው የሚነካካው?»

የሚነካካው። ስለ ችካሉ ነው የሚጠይቀኝ። ዘነዘናው ማድ ቤት ውስጥ ነው። ከሙሴ ጉርሻ ይልቅ የከፋው የእኔ መሆኑን አውቄያለሁ፤ ጉርሻ ምን ክፋት አለው? የመንግሥትን ችካል ያነቃነቅሁ እኔ ነኝ። ሊወስዱኝ ነው። ጣቴን አነሳሁ።

«እሱ ነው» አልኩ። «ጋሽ ሸዋ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይጎነበሳል። እሑድ ደግሞ በሽቦ ነካካው። ሌላ ሰው አይነካውም። እኛ ከፓፓያው ወዲያ ማለፍ አይፈቀድልንም።»

ጋሽ ሸዋ አየኝ። ያ አስተያየት ምን እንደነበረ ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። የተቆጣ ሰው አስተያየት አልነበረም። ሜትር ወጥሮ ቁጥር እንደሚያነብ ሰው ነው ያየኝ፤ እኔን፣ ከዚያ ሙሴን፣ ከዚያ እማዬን።

«ልጅቷ እውነቷን ነው» አለ። «ችካሉም የኔ ነው፣ ሽቦውም የኔ ነው። የታሰረውም የኔ ነው።»

ሙሴ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። «አይደለም…» ብሎ ጀመረ፤ እማዬ በጥፊ አጮለችው። ድምፁ ግቢውን ሞላው።

«ዝም በል! ተከራይ ሲያዝ ምን አገባህ!»

ጓድ ደረሰ ሁለቱንም አያቸው። ያወቀ መሰለኝ፤ አሁን እንኳ ያወቀ ይመስለኛል። ግን የሚወስደው ሰው ነበረው፣ ቀይ መስመር ያለበት ካርታ ነበረው፣ ሌላ ሃያ ቤት ይቀረዋል።

የጋሽ ሸዋን እጅ በራሱ ሜትር ነው ወደ ኋላ ያሰሩት። በእኔ በኩል ሲያልፍ «አይዞሽ» አለኝ። ስለ ችካሉ የሸፈነልኝ መስሎኝ ነበር። በልቤ አመሰገንኩት።

ሙሴ ዓርብን አልጠበቀም፤ በማግሥቱ ሽንኩርት በጫነ መኪና ሄደ። እማዬ አቅፋኝ «ሙሴም ጋሽ ሸዋም ማዶውን ሊለኩ ሄደዋል» አለችኝ። አመንኳት። ነገሩ ይገጥማል፤ ቁጥሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እነሱ እንደገና ሊለኩ ሄዱ። ዘነዘናውን ወስጄ ችካሉን ወደ ቦታው መለስኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ቀጥ ማለቱን አይ ነበር፤ ቁጥሩ ትክክል ሲሆን ይመለሳሉ ብዬ። ክረምት ሳይገባ እማዬ ከሐይቁ ዳር አሸዋ አስጭና ስንጥቁን ሞላችው። ያን ቀን መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ። ለምን እንደማለቅስ ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግራት ነበር። አልጠየቀችኝም።

ከመጽሐፍ ቅዱሷ በቀር ቤት ውስጥ የነበረውን ወረቀት ሁሉ አቃጠለች። የሙሴን ደብተሮች፣ የእኔን የፊደል ገበታ፣ የስኳር መጠቅለያ ሳይቀር። ከትምህርት ቤት አስወጣችኝ። የመሠረተ ትምህርት ዘማቾች ቤት ለቤት ሲመጡ «ዓይኗን ያማታል» ትላቸዋለች፤ እኔ አልጋ ሥር እደበቃለሁ። ለዚህ ነው ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ፣ የማታ ትምህርት ቤት፣ ከልጆቼ እኩዮች ጋር። በእማዬ አልፈርድባትም። እኔም ወንጌላዊት ከመውጣቷ በፊት ቦርሳዋን እፈትሻለሁ። «እማ፣ ምን ፈልገሽ ነው?» ትለኛለች። ምን እንደምፈልግ ልነግራት አልችልም፤ የታጠፈ ወረቀት ሳይ ግን እጄ ይቀዘቅዛል።

እውነቱን ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም። በአንድ ቀንም አልገባኝም። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመቴ ባለው ጊዜ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ መጣ፤ ጎረቤት ሲያወራ፣ እማዬ በጸሎት ስም ስትጠራ፣ የእነ እገሌ ልጅ ሬሳ መንገድ ላይ ተገኘ ሲባል። አንድ ጠዋት ዓሣ ስበልት፣ ጣቴ ያን ቀን የት እንደጠቆመ ገባኝና ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

በ1984 ጥር ላይ አንዲት ሴት በራችንን አንኳኳች። ደርግ ከወደቀ ስምንት ወር ሆኖታል፤ ሙሴ ከኬንያ ከተመለሰ ሦስት። ሴትዮዋ ጥቁር ለብሳለች፤ ከመንዝ ነው የመጣሁት አለች። ወንበር ሰጠናት።

«ሙሉጌጥ እባላለሁ። የሸዋንግዛው እኅት ነኝ። እዚህ ተከራይቶ ነበር አሉኝ።»

ሙሴ ተነሳና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ከከተማው ውጭ ጉድጓድ ተከፍቷል» አለች ሙሉጌጥ። «አጥንት ማን ይለያል? የተገኘውን ልብስ ሸራ ላይ ዘርግተውታል። ሁለት ቀን ዞርኩት። እሱ እዚህ ከመጣ በኋላ አላየሁትም፣ የገዛውን ልብስ አላውቅ። የተያዘ ዕለት ምን እንደለበሰ የሚያውቅ ሰው ካገኘሁ ብዬ ነው። እናታችን አልጋ ላይ ናት። የሚቀበር ነገር ትፈልጋለች።»

«አናውቅም፣ እኅቴ» አለች እማዬ። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። «ተከራይ ነው፤ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል። ሲወሰድም እኛ አላየንም። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ሙሉጌጥ ራሷን ነቀነቀች። ብዙ በር ላይ ይህንኑ ሰምታለች። ነጠላዋን ሰብስባ ልትነሳ ስትል አፌ ተከፈተ።

«እኔ አይቻለሁ» አልኩ።

«ታቢታ!»

«አይቻለሁ፣ እማዬ።» ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። «እሱ ነው ብዬ የጠቆምኩት እኔ ነኝ።»

መልሳ ተቀመጠች።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ስምንት።»

ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «ምን ለብሶ ነበር?»

«ግራጫ ሹራብ፣ አንገቱ ላይ ሁለት ቁልፍ ያለው። ቡኒ ኮርዱሮይ ሱሪ። የግራ ጉልበቱ ተቀዶ ነበር፣ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። ስፌቱ እንደ ዓሣ አጥንት ነው፤ መሐሉ አንድ መስመር፣ ግራና ቀኝ አጫጭር።»

ሙሉጌጥ ጠረጴዛው ላይ እጇን አሳረፈች።

«አለ» አለች። «ጨርቁ አልቋል። ክሩ ግን አልበሰበሰም። እጄ ላይ ይዤው ነበር። ማን ሰፍቶለት ይሆን ብዬ፣ እሱ መርፌ መያዝ አይችልም ብዬ… መልሼ አስቀመጥኩት።»

እማዬ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ሄዳ ሙሉጌጥ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች።

«የዓሣ መረብ ክር ነው፤ አይበሰብስም» አለች። «የሰፋሁለት እኔ ነኝ። የተያዘበት ወረቀት ደግሞ የእሱ አልነበረም፤ የልጄ ነው።»

ሙሴ ከመስኮቱ ዞረ።